አራት ኮሜዲ አስበን ሦስት ያሳየንበት ዓመት

በ2011 ደብረ ብርሃን ላይ አሥራ አንድ ሆነን አራት ኮሜዲ ቴአትር ለማሳየት ተነሳን። ከጥቅምት እስከ ሰኔ። ሁላችንም አማተር ነን፤ መምህር፣ ልብስ ሰፊ፣ ተማሪዎች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር። ይህን የምጽፈው ያኔ ጆሮዬን ይዞ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ድርሰቶቹን ራሳችን ጻፍን። ጥናት ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ በአንዷ አባላችን ሳሎን። ልብሱ ከየቤቱ መጣ። መጋረጃው አራት አንሶላ ነው። ለማስታወቂያ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭነን ገበያውን ዞርን፤ ወረቀት መለጠፍ ብር ማባከን ነው። ቲኬት 30 ብር። ነፃ ቲኬት ለማንም አትስጡ፣ ለእናታችሁም ቢሆን። በነፃ የገባ ሰው ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀድሞ ይወጣል።

ስለ ከተማችን ተመልካችም አንድ ነገር ልበል። ብርድ ስለሆነ ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚያየው። ይስቃል፣ ግን አያጨበጭብም፤ እጁ ጋቢ ውስጥ ነዋ! ኅዳር ላይ የመጀመሪያውን ስናሳይ ይህን አላወቅኩም። አልወደዱትም ብዬ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

ጉዱ ያለው አዳራሹ ላይ ነው። የማን አዳራሽ እንደሆነ አልናገርም። ደብዳቤ ከ15 ቀን በፊት አስገቡ ተባልን። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ከአንድ ወር በፊት አስገባሁ። ማህተም ተደረገበት፣ ቁጥር ተሰጠው፣ እሁድ ጥር 19 ከቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ ተጻፈ። 212 ቲኬት ሸጥን። ለኛ ይህ ተአምር ነበር።

የዚያን ቀን 5 ሰዓት ላይ አንሶላዎቹን ተሸክመን ደረስን። ጥበቃው አባባ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ስብሰባ አለ እኮ።»

«የምን ስብሰባ?»

«እኔ ምን አውቄ። ትናንት ወንበር ሲደረደር ለእናንተ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ኃላፊውን ፈልጌ ደብዳቤውን አሳየሁት። በእርጋታ አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ።

«ወንድሜ፣ ስብሰባው ከላይ የመጣ ነው።»

«ማህተሙ የእናንተ አይደለም እንዴ?»

«ማህተሙ የኛ ነው። ስብሰባው ግን የኛ አይደለም።»

ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ይቅርታ እንኳን አላለም። ስብሰባው ቀደም ብሎ ከታሰበ አንድ ስልክ መደወል ምን ነበረበት? ደብዳቤው ላይ ስልኬ አለ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ መመሪያው ያለውን ደብዳቤ አስገቡ፣ ግን አትመኑት። ዋዜማውን ማታ ሄዳችሁ ጥበቃውን ጠይቁ። ሻይ ጋብዟቸው። የአዳራሹን ነገር ከኃላፊው ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

«9 ሰዓት ያልቃል» ተባልን። ያለቀው 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቲኬት ከቆረጡት መካከል ግማሽ ያህሉ ብራቸውን ተቀብለው ሄዱ። የቀሩት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየተከተሉ ከግድግዳ ግድግዳ ሲዞሩ ቆዩ። ከተሰብሳቢዎቹም ብዙዎቹ ወንበራቸውን ሳይለቁ በነፃ ቁጭ አሉ። ሰብሳቢው ራሳቸው የፊት ረድፍ ላይ ናቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ቴአትሩ ውስጥ አንድ የእድር ሰብሳቢ አለ። የሚጫወተው የባጃጅ ሹፌሩ ነው። በድርሰቱ ያለችው ንግግር ሦስት መስመር ናት። ልጁ ከቀትር ጀምሮ ተናዷል። ሲወጣ ከስብሰባው የተረፈ ጠረጴዛ መድረኩ ላይ አለ፤ የፕላስቲክ አበባ፣ በግማሽ የተጠጣ ሃይላንድ፣ ማይክ። ማይኩን ሁለቴ መታ መታ አደረገው። «አንድ፣ ሁለት… ይሰማል?» አለ። ከሃይላንዱ አንዴ ጎንጨት። ክዳኑን ቀስ ብሎ ገጠመው። «እንግዲህ ሰዓት ለመቆጠብ ያህል…» ብሎ ጀመረና አሥር ደቂቃ ምንም ሳይል ተናገረ።

አዳራሹ ፈረሰ። እጆች ከጋቢ ሲወጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰብሳቢውም መጀመሪያ ላይ ስቀዋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ጎንና ጎናቸው ያሉ ሰዎች ወደሳቸው ማየት ጀመሩ። እሳቸው እጅ ላይም ሃይላንድ ነበር። ወንበር ሥር አስቀመጡት።

እኔ ከአንሶላው ጀርባ ድርሰቱን ይዤ ቆሜያለሁ። አዘጋጁ እኔ ነኝ። መብራት ማጥፋት፣ ቀጣዩን ተዋናይ ገፍቶ ማስገባት ይቻል ነበር። እኔ ግን ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ረቡዕ ድርሰታችንን የሚገመግሙት ሰዎች ቢሮ ተጠራን። «ከተገመገመው ጽሑፍ ውጪ ንግግር ተጨምሯል» ተባለ። የሦስተኛው ቴአትር ድርሰት እንደገና ይገምገም፣ በአምስት ኮፒ። አንዱ ገምጋሚ ከአንድ ቀልድ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ምን ለማለት ነው?» ብሎ ጽፎበታል። ቢሮ ተቀምጬ ያችን ቀልድ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። እስኪገባው ድረስ ለእኔም ማሳቋ ቀረ። የመጀመሪያው የሚባለው የአማርኛ ቴአትር፣ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በእንስሳት አፍ ሹማምንቱን የሚተች ኮሜዲ ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ እሳቸውን አሰብኳቸው፤ እኛ እንኳን በእንስሳት አልተደበቅንም።

ፈቃዱ የመጣው የካቲት 27 ነው። ሁዳዴ የካቲት 25 ገብቷል። በጾም ኮሜዲ ማን ያያል? ሌላ ከተማ ይሆን ይሆናል፣ እኛ ጋ ግን አይሞከርም። ስለዚህ ሦስተኛው ከፋሲካ በኋላ ግንቦት ላይ ሄደ፣ አራተኛው ሳይታይ ቀረ። ከሁሉም የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ ከጻፍናቸው የተሻለው እሱ ነበር። እንደገና ብጀምር ጥሩውን መጀመሪያ አሳያለሁ። ተዋናይ የተናደደ ቀንም ማይክ እጁ አላስገባም… ልበል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አይደለሁም።

ልጁ አሁንም ባጃጁን ይነዳል። ተሳፋሪዎች ገና ሳይቀመጡ «ሊቀመንበር፣ ሰዓት ለመቆጠብ ያህል በአቋራጭ አድርገው» ይሉታል። ሂሳብ ላይ ግን አንዱም ጭማሪ ሰጥቶት አያውቅም።