ላፕቶፑን የታደሰ፣ ስልኩን አዲስ የገዛሁበት ምክንያት

ላፕቶፔን የታደሰ ገዛሁ፤ ስልኬን ግን አዲስ። ሁለቱም በተቀራራቢ ጊዜ ነው ያስቸገሩኝ፣ በእጄ ያለው ገንዘብ ደግሞ ሁለቱንም በአዲስ ለመተካት አይበቃም ነበር። «የታደሰ ይሻላል ወይስ አዲስ?» ብዬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ ከደረሰበት ተነስቶ ነው። አንዱ «ይኸው ዓመታት እየሠራሁበት ነው» ይላል፤ ሌላው «ገንዘቤን ውኃ በላው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ግን የአንዱ ላፕቶፕ፣ የሌላው ስልክ ነበር፤ አንዱ በዋስትና የገዛ፣ ሌላው በቃል ብቻ የተማመነ። ስለዚህ ጥቅሉን ጥያቄ ትቼ ዕቃ በዕቃ ማየት ጀመርኩ።

የታደሰ ዕቃ እንዳስብ ያደረገኝ ዋጋው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሪፖርት እንደሚያሳየው በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። አንድ ስልክ ወይም ላፕቶፕ በዕድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው የካርበን ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ደግሞ ገና ሲመረት ነው። ደህና የሚሠራ ማሽን ጥቂት ዓመት ስለሞላው ብቻ ሲጣል ያሳዝነኛል። ነገር ግን በዓመቱ የሚሞት የታደሰ ዕቃ ብገዛም ያው ቆሻሻ መጨመሬ ስለሆነ ዋናው ነገር የሚቆይ ዕቃ ማግኘት ነበር።

ያገለገለ ዕቃ እንዳለ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። የታደሰ ሲባል ግን መሃል ላይ አንድ አካል ተቀብሎ ፈትሾታል፣ የተበላሸውን ቀይሯል፣ የቀድሞውን ባለቤት መረጃ አጥፍቷል፣ ዋስትናም ሰጥቶ ይሸጠዋል። ችግሩ ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ሥራ የሰማይና የምድር ያህል መራራቁ ነው። አፕል ራሱ አድሶ የሚሸጣቸው አይፎኖች አዲስ ባትሪና አዲስ የውጭ አካል ይገባላቸዋል፣ እንደ አዲሱም የአንድ ዓመት ዋስትና አላቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ስክሪኑን ወልውሎ ፎርማት ካደረገ በኋላ «ታድሷል» የሚል ሻጭም አለ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሻጭ አንድ ዓይነት ጥያቄ አቀረብኩ፦ ምኑ ተፈተሸ? ምኑ ተቀየረ? የተቀየረው ዕቃ የአምራቹ ነው ወይስ ተመሳሳይ? አንዱ «አይስጉ፣ ምንም እንከን የለውም» ብሎ አለፈኝ። ሌላው የኤስኤስዲውን (ፋይል የሚቀመጥበትን ዲስክ) ጤንነት፣ የማቀዝቀዣውን ጽዳት፣ የተቀየረውን ኪቦርድ፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ጭረት ሳይቀር ጽፎ ላከልኝ። ጭረቱን ሳልጠይቀው የነገረኝን መረጥኩ።

ስለ ጭረት ካነሳሁ፣ ግሬድ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባለው ደረጃ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ መልኩ ነው። ግሬድ ኤ የሆነ ላፕቶፕ የደከመ ባትሪ ሊኖረው ይችላል፤ ግሬድ ሲ የሆነው ደግሞ ውስጡ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። እኔ ቢ ወሰድኩና ያተረፍኩትን ገንዘብ ለራም (ለጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) አዋልኩት።

ላፕቶፕ ላይ ሐሳቤን ያጸናው ንጽጽሩን በትክክል ማስቀመጤ ነው። የታደሰውን ከዚያው ሞዴል አዲሱ ጋር ማወዳደር ለእኔ ትርጉም አልነበረውም፤ አዲሱን መግዛት አልችልምና። መወዳደር ያለበት በዚያው ገንዘብ ከሚገኘው አዲስ ላፕቶፕ ጋር ነው። በዚያ ዋጋ የሚገኙት አዲሶቹ ስስ ፕላስቲክ ናቸው፣ ፕሮሰሰራቸው (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ) ደካማ ነው፣ ራማቸውም ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ስለተበየደ መጨመር አይቻልም። የታደሱት ግን በብዛት የሚመጡት ከትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ነው። መሥሪያ ቤቶቹ በኪራይ ወይም በጅምላ ወስደው ሦስት አራት ዓመት ከተጠቀሙባቸው በኋላ በአንድ ጊዜ ይቀይሯቸዋል። ቲንክፓድ፣ ላቲቲውድ፣ ኤሊትቡክ የሚባሉት እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ አብዛኞቹ ከታች በብሎን ይከፈታሉ፣ ባትሪያቸውና ኤስኤስዲያቸው ይቀየራል፣ መለዋወጫቸውም አይጠፋም። የጥገና መመሪያቸውን አምራቾቹ ራሳቸው በነጻ አውጥተውታል።

ይህ ማለት ግን የቢሮ ላፕቶፕ ሁሉ ይገዛል ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በስተቀር የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ገበያው ላይ በጣም ርካሽ ሆነው የሚታዩት ብዙዎቹ ከዚህ መስመር በታች የቀሩ ናቸው። ትውልዱን ለማወቅ ከፕሮሰሰሩ ስም፣ ለምሳሌ ከኮር አይ5፣ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማየት በቂ ነው፦ 7300 ካለ ሰባተኛ፣ 8350 ካለ ስምንተኛ፣ 10310 ካለ አሥረኛ። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሥርዓት) ለሚጠቀም ሰው ሰባተኛውም መልካም ግዢ ነው። እኔ ለሥራዬ ዊንዶውስ የግድ ስለሚያስፈልገኝ ከአሥረኛ በታች አልፈለግኩም።

አሁን ላፕቶፑ እጄ ከገባ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ልናገር፤ ብዙ ሰው የማያየው እዚህ ጋ ነውና።

ዊንዶውስን ከዜሮ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ቋንቋ መረጥኩ፣ ኪቦርድ መረጥኩ፣ ዋይፋይ አገናኘሁ። ጥቂት እንደቆየ የማላውቀው ድርጅት ስም ከነአርማው ስክሪኑ ላይ ወጣና በድርጅቱ ኢሜይልና ፓስወርድ እንድገባ ጠየቀኝ። ማለፊያ የሚባል ነገር የለውም። ለካ የቀድሞው ባለቤት መሥሪያ ቤት ማሽኑን በራሱ ሥርዓት ውስጥ አስመዝግቦት፣ ሲያስወግደው ከመዝገቡ አልሰረዘውም። ምዝገባው ከማሽኑ አካል መለያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፎርማት ማድረግ አያጠፋውም፤ ዲስኩን መቀየርም አያጠፋውም። መሰረዝ የሚችለው ያስመዘገበው ድርጅት ነው። ያለ ኢንተርኔት ሲከፈት ደግሞ ምንም ምልክት አይታይበትም፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያለ ዋይፋይ በርቶ «ይኸው ይሠራል» ሲባል ዕቃው በእርግጥም የሚሠራ ይመስላል። መመለሻ ጊዜው ገና ስለነበረ ሻጩ ያለ ክርክር ተቀብሎ በሌላ ቀየረልኝ። ባይመለስ ኖሮ ግን የሌላ ድርጅት ንብረት የሚመስል ላፕቶፕ ታቅፌ መቅረቴ ነበር። ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) በፓስወርድ የተቆለፈ ላፕቶፕም እንዲሁ መከራ ነው፤ ሲበራ ወደ ባዮስ ገብቶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው በዚህ በኩል ንጹሕ ሆነ። ቀጥሎ ባትሪውን አየሁ። ዊንዶውስ ራሱ በትእዛዝ መስኮት በኩል የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ባትሪው ሲመረት ይይዝ የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው። የእኔው ሲመረት 50,000 ሚሊዋት ሰዓት ነበር፤ አሁን የሚይዘው 33,000 ገደማ። ከሦስት እጅ ሁለት እጁ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። የዋስትናው ወረቀት ከ80 በመቶ በታች የሆነ ባትሪ እንደሚቀየር ስለሚል የሪፖርቱን ፎቶ ላክሁ፣ ተቀየረልኝ። ብዙ የዋስትና ወረቀቶች ባትሪን ከሽፋኑ ያወጡታል። ከመክፈሌ በፊት ያንን መስመር ፈልጌ ባላነበው ኖሮ የምከራከርበት ነገር አይኖረኝም ነበር።

የቀረውን ፍተሻ በአንድ ምሽት ጨረስኩት። ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ቀይ አድርጌ አየሁት፤ ነጩ ላይ የግፊት ጠባሳ፣ ጥቁሩ ላይ የብርሃን መፍሰስ ይታያል። የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ነካሁ። የቻርጀሩን ጫፍ ሶኬቱ ውስጥ በቀስታ ነቅነቅ አድርጌ ቻርጁ እንደማይቋረጥ አረጋገጥኩ። የኤስኤስዲውን ጤንነት የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ጭኜ ስንት ሰዓት እንደበራና ምን ያህል እንደተጻፈበት አየሁ። ከዚያም ቀለል ያለ ሥራ ሳይሆን ያለኝን ከባድ ሥራ ሁሉ ጫንኩበት። የሚበላሽ ከሆነ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ እንዲበላሽ ስለፈለግኩ ነው።

ስልኩ ላይ ሒሳቡ ተገለበጠ።

የዕቃውን ዋጋ የደኅንነት ማሻሻያ (አምራቹ የሚልከው የሶፍትዌር ማስተካከያ) እያገኘ በሚቆይባቸው ቀሪ ዓመታት አካፈልኩት። የአዲሱ ዋጋ 100 ነው እንበል፣ ስድስት ዓመት ማሻሻያ ይቀረዋል፤ በዓመት 17 ገደማ ይደርሳል። የታደሰው 60 ነው፣ ግን የቀረው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ በዓመት 30። ርካሹ ውድ ሆነ። ጉግል ከፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ በዋና ዋና ስልኮቻቸው ላይ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ከዚያ በፊት የወጡት ብዙዎቹ የሚያገኙት ግን ከዚህ ያነሰ ነው፣ ጊዜው የሚቆጠረውም ስልኩ ገበያ ላይ ከዋለበት ቀን እንጂ እኔ ከገዛሁበት አይደለም። በአቅሜ ያገኘኋቸው የታደሱ ስልኮች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የጨረሱ ነበሩ። የባንክ መተግበሪያዬ፣ የኢሜይሎቼ ቁልፍ፣ የቤተሰቤ ፎቶ ያለው ስልኬ ላይ ስለሆነ ማሻሻያ የተቋረጠበት ስልክ መያዝ አልፈልግም። ሌላም አለ፤ ስልክ በማጣበቂያ የታሸገ ነው። አንዴ የተከፈተ ስልክ እንደ ቀድሞው ውኃ ይቋቋማል ብሎ መተማመን አይቻልም፣ መልሶ ያሸገው ሰው ሥራ በዓይን አይታይምና። ስለዚህ መካከለኛ የሚባል፣ ረጅም ማሻሻያ ያለው አዲስ ስልክ ገዛሁ።

ታናሽ እህቴ ግን በዚያው ሰሞን የታደሰ አይፎን ገዛች፤ የእሷ ምርጫ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሞዴሉ የቅርብ ነው፣ ዋስትናው ዓመት ሙሉ ነው። አብረን ነው የፈተሽነው። *#06# ደውለን አይኤምኢአይ የሚባለውን የስልኩን መለያ ቁጥር ከሴቲንጉና ከካርቶኑ ጋር አመሳከርን፣ ተሰርቋል ተብሎ ያልተመዘገበ መሆኑንም አጣራን። የቀድሞው ባለቤት አካውንት እንዳልቀረበት አየን፤ አይፎን በሌላ ሰው አካውንት ከተቆለፈ ያለዚያ ሰው ፈቃድ አይከፈትም። ሴቲንግ ውስጥ ያለው የሞዴል ቁጥር በኤም ከጀመረ ስልኩ ሲሸጥ አዲስ ነበር፣ በኤፍ ከጀመረ አፕል ያደሰው ነው፣ በኤን ከጀመረ በምትክ የተሰጠ ነው። የእሷ በኤም ይጀምራል፤ ያደሰው ሌላ አካል ነውና ይህ የሚጠበቅ ነው። እዚያው ገጽ ላይ የተቀየሩ ክፍሎች ታሪክ ይወጣል፣ ባትሪው መቀየሩንና የአፕል መሆኑን እዚያ አየን። ባትሪ ላይ ትኩር ያልነው በምክንያት ነው። አፕል እንደሚለው እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች የተሠሩት ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ነው፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ 1,000 ደርሷል።

ከዚህ ወዲህ ሌሎች ዕቃዎችንም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። ሞኒተርና የጠረጴዛ ኮምፒውተር ባትሪ ስለሌላቸው ያለ ብዙ ሥጋት የታደሰ እገዛለሁ። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ገመድ አልባ ማዳመጫ ግን አልገዛም፤ ባትሪው ትንሽና የታሸገ ነው፣ ንጽሕናውም አያስተማምንም። ፋይሎቼን የማስቀምጥበትን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም ሁልጊዜ አዲስ ነው የምገዛው።

አሮጌውን ላፕቶፕ የሰጠሁት ዕቃ ለሚያድስ ሰው ነው። ስክሪኑና ኪቦርዱ ደህና ስለነበሩ ለሌላ ማሽን መለዋወጫ ይሆናሉ። ከመስጠቴ በፊት ከአካውንቶቼ ሁሉ ወጣሁ፣ ላፕቶፑን ከአካውንቴ የመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ አወጣሁት፣ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁ፣ የባዮሱን ፓስወርድ አነሳሁ። ቻርጀሩንም ጨምሬ ሰጠሁ።