ትርፍ አለ

ጅማ የገባሁት ማታ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣቱ ቀኔን በላው። በነጋታው ጠዋት በር ላይ ያገኘሁትን ባጃጅ በኮንትራት ያዝኩ። ፈረንጅ አራዳን፣ የአዌቱን ወንዝ፣ ዩኒቨርሲቲውን አየሁ። ከሹፌሩ ጋር ያወራነው ሁለቴ ነው፤ ስሳፈርና ስከፍል። ሒሳቡን የሰማው የሆቴሉ ዘበኛ ከንፈሩን መጠጠልኝ። «ጋሼ፣ እንደ ሰው አይሳፈሩም?»

ሐሙስ ነበር፣ የገበያ ቀን። ከሰዓት ሂርማታ ገበያ ሄጄ «ጅሬን! ጅሬን!» የሚል ባጃጅ ውስጥ እንደ ሰው ተሳፈርኩ። ከኋላ ሦስት ሆነን ተቀምጠን ሳለ አንድ ተማሪ ከሹፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ ተንጠለጠለ። በቀኜ ዶሮ ያቀፉ እናት፣ በግራዬ አዲስ በርጩማ የገዙ ሽማግሌ አሉ። በርጩማውን የሚያስቀምጡበት ቢያጡ ሳይጠይቁኝ ጉልበቴ ላይ አሳረፉት።

«ሚስማር የለውም» አሉኝ እግሩን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ። «ከአንድ ግንድ ነው የወጣው።»

«ሦስት እግር ብቻ ለምን ሆነ አባባ?»

«የአፈር ወለል መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል? ሦስት እግር የትም ይቆማል።»

እኔ ቤት ከባለ አራት እግሩ ወንበር ሥር የታጠፈ ካርቶን አለ። አልነገርኳቸውም።

ዝናቡ ድንገት ወረደ። ሹፌሩ የጎኑን ሸራ ለቀቀው፤ ውስጡ በእርጥብ ላባና በትኩስ እንጨት ሽታ ታፈነ። መውረጃዬ የደረሰ ሲመስለኝ በኦሮምኛ ልሞክረው ብዬ የማውቃቸውን ሁለት ቃላት ገጣጠምኩ። «ወራጅ አለ» ማለቴ ነው፦

«ቡኣ ጂራ!»

ባጃጁ በሳቅ ተናወጠ። ዶሮዋ ሳትቀር ጮኸች። ተማሪው እንባውን እየጠረገ «ቡኣ እኮ ትርፍ ማለትም ነው፤ 'ትርፍ አለ' ነው ያሉት» አለኝ። ሹፌሩ በመስታወት ቆጠረንና «ምን ይደረግ፣ እውነቱን ነው» አለ። ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ፦ «ቀስ በል ልጄ፣ ትራፊክ ይሰማሃል።»

ለካ ገና አልደረስንም። የጅሬን ኮረብታ ግርጌ ስንወርድ ኪሴን ስዳብስ ሹፌሩ እጁን አወዛወዘ፤ ሽማግሌው ከፍለውልኛል። ተግደረደርኩ፣ አልሆነም። በርጩማውን ተሸክሜ ዳገቱን አብሬያቸው ወጣሁ። ቤታቸው ስንደርስም «ቡና ሳትቀምስማ አትሄድም» ተባለ። ቡናው በጨው ነበር። የመጀመሪያውን ስኒ በይሉኝታ፣ ሦስተኛውን ወድጄው ጠጣሁ። እሳቸው መደብ ላይ ሆነው እኔን አዲሱ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ፤ እውነትም አይነቃነቅም።

ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስደርስ በሩ ተዘግቷል። የመጣሁት ለሱ ነበር። የእንጨት ሰገነቱን በአጥር ላይ ተንጠራርቼ አየሁና በጭቃው ቁልቁል ተመለስኩ።

ወደ ከተማ በሚወርደው ባጃጅ ውስጥ አምስት ነበርን። መርካቶ ጋ ስንደርስ ቃሉን በልቤ ሁለት ጊዜ ተለማመድኩት። ከአፌ የወጣው ግን ያው «ወራጅ አለ» ነው።