«ሽሮ ናት ብላኝ!»

አዲስ አበባ ከርሜ ልመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ስልኬ አያርፍም። «ትንሽ ዕቃ ናት፣ ለእህቴ ልጅ ብቻ አድርሺልኝ።» እምቢ ስላት አንዷ ጓደኛዬ ተቀየመች፦ «አሜሪካ ስትገቡ ትኮራላችሁ፤ አንድ ኪሎ ሽሮ ምን ይከብዳል?»

ሽሮ አይከብድም። ሽሮው ውስጥ ያለው ነው የሚከብደው።

ባለፈው ጉዞ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የምትወልድ ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ ነበሩ። ከቦሌ ጀምሮ «የኔ ልጅ፣ እንዳትጠፊብኝ» ሲሉኝ መጡ፤ እኔም አልጠፋሁም። ጉዱ የመጣው ስላልጠፋሁ ነው።

ሻንጣችንን ይዘን ወደ መውጫው ስንጠጋ ጆሮው የተንዘረፈፈ ትንሽ ውሻ መጣ። ቢግል የሚሏቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ነው ሥራ የጀመሩት። አይጮኹም፣ አይነክሱም፤ ምግብ ከሸተታቸው አጠገብህ ቁጭ ይላሉ፣ በቃ። የእማማ ሻንጣ ጋ ቁጭ አለ። «ውይ፣ ደክሞት ነው» አሉ። ነጠላቸውን ሲያሸት ግን «ክላ!» አሉት። ንቅንቅ የለም። ለዚህች መቀመጥ ብስኩት ተሸለመ። የኛ ሰፈር ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ጮሆ የሚያገኘው ድንጋይ ነው።

የጉምሩክ ሠራተኛው እናትና ልጅ መስለነው ሁለታችንንም ወደ ጎን ወሰደንና የኔም ሻንጣ የብረት ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፈ። ከቦሌ አብሮን የበረረው ሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚያው በኩል ነው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምንተያይ ሰዎች ጭምር። ያልታጠበ የሌሊት ልብሴ፣ እናቴ ፌስታል በፌስታል ላይ ደራርባ ያሰረችው ድርቆሽ፣ ውድ ነው ብዬ ልሰጥ ያሰብኩት ሻርፕ ከነዋጋው፣ ሁሉም ተዘርግቷል። አንዱ የማውቀው ሰውዬ ጋሪውን አቁሞ፣ «እንኳን ደህና ገባሽ!» አለኝ። በዚያ ሰዓት!

«ስጋ ይዘው እንደሆነ ጠይቂያቸው» አለኝ ሠራተኛው። ጠየቅኳቸው። እማማ ደነገጡ። «በረቡዕ? ምን ነክቶታል ይሄ ልጅ! ጾም መሆኑን ንገሪው እንጂ።» ነገርኩት። ረቡዕ ስለሆነ ስጋ የለም የሚል መልስ ከዚያ በፊት ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ጓንቱን አጠበቀ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ቀጥሎ በርበሬውን ፈታ። አፍንጫውን አስጠጋ፤ ማን አስጠጋ አለው? አነጠሰ። «ይማርህ» አሉት እማማ። ደገመ። «ይማርህ፣ ይማርህ፣ እኔን ልጄ!» ምን እያሉ ነው ሲለኝ እየመረቁህ ነው አልኩት። እንባው እየወረደ አመሰገናቸው። ከዚህ በኋላ መዋጥ አቃተኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እማማ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ፣ እሱም እያነጠሰ ሳቀ። እስከዚያ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወረቀት ያለው ስደተኛም ቢሆን ዩኒፎርም ሲያይ ሆዱ ይሸበራል፤ አገር ቤት ያላችሁ ይሄን አታውቁትም።

ከዚያ ሽሮው ተፈታ። ከመሃሉ በላስቲክ የተጠቀለለ ቋንጣ ብቅ አለ። እማማ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ሽሮ ናት ብላኝ! ለልጄ ሽሮ ናት ብላኝ!» የጎረቤት አደራ ነው ለካ። የሌላ ሰው ሽሮ፣ የሌላ ሰው ቋንጣ፣ የኔ የሌሊት ልብስ።

ቋንጣችንን የሚከለክሉት ንቀውት አይደለም። እኛ አገር ከብቱን የሚያሠቃየው የአፍተግር በሽታ እነሱ ጋ እ.ኤ.አ. ከ1929 ወዲህ አልታየም፤ እንዲመለስባቸው አይፈልጉም። እና ለመምጣት የምታስቡ፣ ምግብ ከያዛችሁ ይዘናል በሉ። ካመናችሁ የተከለከለው ይጣላል እንጂ እናንተ አትቀጡም፤ ከካዳችሁ ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ከ300 ዶላር ይጀምራል። ጫት ጨርሶ እንዳታስቡት፤ እዚህ ወንጀል ነው። ሳቁ፣ ነገር ግን በራሳችሁ ሳቁ፤ ሻንጣዬ ውስጥ ቦምብ አለ ዓይነት ቀልድ የሞከረ ሰው የሚስቅለት አያገኝም። አደራ ሲሰጧችሁ ደግሞ ባለቤቱ ፊት ፍቱት። ይቀየም።

ምግብ መያዛቸውን አስቀድሜ ተናግሬላቸው ስለነበር እማማ ሳይቀጡ ተለቀቁ። ቋንጣው ሄደ፤ ሽሮውም አብሮ ሄደ። ውጭ አማቻቸው አበባ ይዞ እየጠበቀ ነበር።

«እማዬ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?»

«መንገዱስ ደህና ነው ልጄ። ብቻ እዚያ ውስጥ ያለውን ልጅ ጉንፋን ጥሎታል፤ ቤቱ ሄዶ ይተኛ በሉት።»