የሦስት ብር ከሃምሳው ጥያቄ

የ2017 ዓ.ም. የሐምሌ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው የድርጅቱን ደመወዝ ወደማሰላበት ቢሮዬ ገቡ። አንደኛው በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ሲሆን፣ ሌላው በቅርቡ በተሰጠው ጭማሪ ደመወዙ 4,050 ብር ደርሷል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉና የመጨረሻውን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። ባለ 4,000 ብሩ እጁ የገባው 3,262 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ባለ 4,050 ብሩ ግን 3,259 ብር ብቻ።

“ጋሼ፣ ጭማሪው ይቅርብኝ ብዬ ማመልከቻ ልጻፍ?” አለኝ ጭማሪ ያገኘው ወጣት። ይቀልድ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየሁት፤ አልቀለደም።

ለዓመታት ስሰጥ የኖርኩትን መልስ ሳላስብ ሰጠሁት። “ከ4,000 ብር ስላለፍክ 15 በመቶው ቀርቶ 20 በመቶ ውስጥ ገብተሃል፤ የእርከን ጉዳይ ነው” አልኩት። አመስግነውኝ ወጡ። ያንን ቅጽበት ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም የተናገርኩት ነገር ሊሆን የማይችል መሆኑን በሙያዬ አውቃለሁ። የሥራ ግብር ደመወዙ በእርከን ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ምጣኔ የሚሰላ ስለሆነ ከፍ ያለው ምጣኔ የሚነካው ከወሰኑ በላይ ያለችውን ገንዘብ ብቻ ነው፤ 50 ብር የተጨመረለት ሰው ከ50 ብሯ ላይ 10 ብር ግብር ይከፍላል እንጂ ጭማሪው እንዳለ ሊጠፋበት አይችልም። ሠራተኛው ሁሉ “እርከን ካለፍክ ትከስራለህ” ሲል እየሰማሁ ኖሬ፣ በዚያች ደቂቃ እኔም እንደ እነርሱ አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ የቢሮውን ጽዳት የሚሠሩት እናት መጡ። ደመወዛቸው 3,000 ብር ነው። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ፤ አንዱ የሰኔ፣ አንዱ የሐምሌ ነበር። “ልጄ፣ ግብር ተቀነሰ ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ ነበር፤ የእኔ ግን አንድ ሳንቲም ንቅንቅ አላለም” አሉኝ። አየሁት፤ በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ግብሩ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በተመሳሳይ ቀን ሁለተኛ ጊዜ “እርከን ነው” ብዬ ለማለፍ ድፍረቱ አልነበረኝም። “እማማ፣ ወረቀቶቹን ይተዉልኝ” አልኳቸው።

ስህተቱን ለማግኘት ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ለመሥራትም ከዚያ የበለጠ ጊዜ አልወሰደብኝም ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ሰባት እርከኖች ነበሩት፤ የመጀመሪያው 600 ብር ከግብር ነፃ ሆኖ ከዚያ በላይ ያለው ከ10 በመቶ ጀምሮ እስከ 35 በመቶ ይከፈልበት ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደግሞ ነፃውን ወሰን ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገ፤ የ10 በመቶውን እርከን አስቀረ፤ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እና 35 በመቶዎቹን እንዳሉ ትቶ የሚጀምሩበትን ገንዘብ ወደ ላይ ገፋው። እኔም በኤክሴል ሰንጠረዤ ላይ ይህንኑ አደረግሁ። የ10 በመቶውን መስመር ሰረዝኩ፤ ወሰኖቹን 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000 እና 14,000 ብዬ ጻፍኩ፤ ምጣኔዎቹ ያው ስለሆኑ ሌላ የሚነካ ነገር አልታየኝም።

የረሳሁት ከምጣኔው ቀጥሎ ያለውንና ከእኔ በፊት የነበረው ባልደረባ ገጹ እንዳይጨናነቅ ብሎ የደበቀውን ዓምድ ነው። በአዋጁ ሰንጠረዥ ውስጥ የማይገኝ፣ እኛ የሂሳብ ሠራተኞች ለአቋራጭ የምንጠቀምበት “ተቀናሽ” የምንለው ቁጥር ነው። ጠቅላላ ደመወዙን በምጣኔው አባዝተን፣ በታችኞቹ እርከኖች ያለአግባብ የተቆጠረውን በአንድ ጊዜ የምንመልስበት መሆኑ ነው። በአሮጌው ሕግ ለ15 በመቶ እርከን 142 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። በአዲሱ 300 ብር መሆን አለበት፤ 300 ብር ማለት ነፃ የሆነው 2,000 ብር በ15 በመቶ ሲባዛ የሚመጣው ነው። ለ20 በመቶው 302 ብር ከ50 የነበረው ደግሞ 500 ብር ይሆናል። አሮጌዎቹን ቁጥሮች ከአዲሶቹ ወሰኖች ጋር በማጣመሬ መንግሥት የሰጠውን ነፃ ወሰን ሳላውቅ መልሼ ወስጄዋለሁ። በዚያ ላይ በየወሰኑ መጋጠሚያ ላይ በሕጉ የሌለ ገደል ፈጠርኩ። እርከን ያለፈ ይከስራል የሚለው ተረት በአገሪቱ ውስጥ እውነት የሆነበት አንድ ቦታ ቢኖር የእኔ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) ነበር።

ወረቀት ላይ አስልቼ አረጋገጥኩ። የባለ 4,000 ብሩ ትክክለኛ ግብር 457 ብር ከ50 ሳይሆን 300 ብር ነው፤ የባለ 4,050 ብሩ 507 ብር ከ50 ሳይሆን 310 ብር። ሰባት በመቶው የጡረታ መዋጮ ሲነሳ የመጀመሪያው 3,420 ብር፣ ሁለተኛው 3,456 ብር ከ50 ሳንቲም ይወስዳል። የጽዳት ሠራተኛዋ ግብር ደግሞ ከግማሽ በታች ወርዶ 150 ብር ይሆናል፤ የእርሳቸው ምጣኔ ግን ትናንትም 15 በመቶ ነበር፣ ዛሬም 15 በመቶ ነው። በ35 በመቶው እርከን የሚገኙት ኃላፊዎች እያንዳንዳቸው 550 ብር ጎድሎባቸዋል፤ ከእነርሱ ወረቀቱን ገልጦ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ወደ ፋይናንስ ኃላፊያችን ሄጄ ጥፋቴን ተናገርኩ። የሐምሌ ግብር ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ገና አልቀረበም፣ አልተከፈለምም፤ ስለዚህ ሰነዱን አስተካክሎ ልዩነቱን በተጨማሪ ክፍያ መመለስ ይቻላል። እርሱ ግን ሥራ እንዳይደራረብ ብሎ “ከነሐሴው ጋር እናቻችለው” አለ። ለሦስት ሺህ ብር ተከፋይ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ወር የሚጠብቅ ገንዘብ አለመሆኑን ላስረዳው ሞከርኩ፤ ብዙም አልገባውም። የራሱ 550 ብርም እዚያው ውስጥ እንዳለ ስነግረው ግን ተጨማሪ ክፍያው በዚያው ሳምንት እንዲሠራ ፈረመልኝ።

ያን ምሽት ሰነዱን ሳስተካክል የእማማን የቆየ ፋይል አወጣሁ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ አዲሱ አዋጅ ሲጀምር ደመወዛቸው 900 ብር፣ ግብራቸው 30 ብር ነበር፤ ከመቶው ሦስት ብር ከ33 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የኑሮ ውድነቱን ለመቋቋም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ተጨምሮላቸው 3,000 ብር ሲደርሱ፣ 600 ብሩ ነፃ ወሰን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ማንም ምጣኔ ሳይጨምርባቸው ግብራቸው ከመቶ አሥር ብር ከ25 ሳንቲም ሆነ። ጭማሪ በሰጠን ቁጥር ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከጭማሪው ምን ያህሉ ወደ እርሳቸው ቤት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን አስልቼ አላውቅም። አዲሱ ማሻሻያ አምስት በመቶ ላይ አድርሷቸዋል። ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሆኖም 900 ብር ሲያገኙ ይከፍሉት ከነበረው ድርሻ አሁንም ይበልጣል። ስለ ግብር ቅነሳ በተወራ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያየው የመቶኛውን ዓምድ ነው፤ እኔም ያየሁት እርሱን ብቻ ስለነበር ነው የሳትኩት። የዝቅተኛ ተከፋይ ገንዘብ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በአመዛኙ ነፃው ወሰን ላይ ነው።

የተደበቀውን ዓምድ ገለጥኩት፤ ቁጥሮቹንም በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከወሰኖቹና ከምጣኔዎቹ ራሳቸው እንዲሰሉ አደረግኋቸው። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ወሰን አንድ ብር በታችና አንድ ብር በላይ የሚያገኙ ሰዎች እንዳሉ አድርጌ ሞከርኩት፤ 2,001 ብር የሚከፈለው ሰው ግብር 15 ሳንቲም ብቻ ሆኖ ሲወጣ ነው ኮምፒውተሩን ያጠፋሁት።

ልዩነቱ የተከፈለ ዕለት የመጋዘኑን ወጣት ጠርቼ የመጀመሪያው መልሴ ስህተት እንደነበር ነገርኩት። “ታዲያ ጭማሪዬን ልውሰድ?” ብሎ ሳቀ። እማማ ገንዘባቸውን ቆጥረው ከተቀበሉ በኋላ የአለቆቹ ስንት እንደተመለሰ ጠየቁኝ። አልዋሸሁም፤ 550 ብር አልኳቸው። በሃያ ሺህ ብር ተከፋይ ዘንድ ይህ ከመቶ ሦስት ብር እንደማይሞላ፣ የእርሳቸው ግን ከመቶ አምስት ብር እንደሚያልፍ ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ሳልጨርስ “እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ብለው ባልዲያቸውን አነሱ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በግማሽ ቀን የሚሠራው አትክልተኛችን በሩን አንኳኳ። ደመወዙ 1,900 ብር ነው። በፔይሮሉ ላይ ስህተት እንደተገኘ ሰምቶ ወረቀቱን ይዞ መጥቷል። ግብር በሚለው መስመር ፊት ለፊት ያለውን ዜሮ ከአፈር ባልጸዳ ጥፍሩ ጠቁሞ፣ በኋላ ተጠራቅሞ እንዳይመጣበት ይህንንም አሁኑኑ እንዳስተካክልለት ጠየቀኝ። እስከ ሰኔ ድረስ 142 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር። ያ ዜሮ ትክክል መሆኑን ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ ወረቀቱ ላይ ካልፈረምክልኝ ብሎ አስፈረመኝ።