የዘይት ግፊት ጌጁ ደህና እያለ ሞተሩ የሚያንኳኳው ለምንድነው?

ሞተር ሳይክሉ የ1969 ትራያምፍ ቦንቪል ነው፤ ቲ120፣ 649 ሲሲ። ዓመታት ቆሞ የኖረ። አስነስቼ ትንሽ እንደነዳሁት ከታች ከባድ ማንኳኳት ጀመረ፣ ሲሞቅ ደግሞ የዘይት መብራቱ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ) ብልጭ ድርግም ይላል። ያየው ሁሉ «ሞተሩን አውርደው» አለኝ። እኔ ደግሞ ምክንያቱን ሳላውቅ ሞተር መበተን አልወድም።

በድምፁ ጀመርኩ። የፒስተን ድምፅ ሞተሩ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ ይሄኛው ባሰበት። ካንዴላዎቹን ተራ በተራ ከሥራ ውጪ ሳደርግ በግራው ጊዜ ድምፁ ለሰስ አለ። ስለዚህ የግራውን ቢዬላ፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ፣ የታች ኩሽኔታ (ማሽከርከሪያ ሽፋን) ጠረጠርኩ። የክራንኩ (በፒስተኖቹ የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) ዋና ኩሽኔታ ቢሆን ወፍራም ጉርምርምታ ነው፣ እግር ማስቀመጫው ላይ ሁሉ ይሰማል።

ከዚያ ወደ ዘይቱ። የዘይት ታንከሩን ክዳን ከፍቼ አየሁ። ተመላሹ ዘይት ከአየር ጋር እየተቆራረጠ ይተፋል፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው፤ የፓምፑ ዘይት መላሽ ክፍል ከላኪው ክፍል ስለሚበልጥ አየርም አብሮ ይስባል። ቀጥሎ የመብራቱን ስዊች ፈትቼ በቦታው የግፊት ጌጅ አሰርኩ። ማኑዋሉ በጉዞ ላይ ከ65 እስከ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ በሚኒሞ ከ20 እስከ 25 ይላል። የኔው ሞቆ በሚኒሞ 10 አይሞላም።

ከርካሹ መጀመር ነው። ዘይቱ በጎን ክዳኑ በኩል አልፎ በክራንኩ ጫፍ ነው የሚገባው፣ ያንን ጫፍ የምታቅፍ አንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት አለች። እሷ ከደረቀች ዘይቱ ክራንኩ ውስጥ ሳይገባ ወደ ታች ይፈሳል። የኔዋ ድርቅ ብላ ተሰንጥቃለች። ቀየርኳት፣ የግፊት መልቀቂያ ቫልቩንና የፓምፑን ኳሶችም አጠብኩ። ጌጁ ተስተካከለ። ማንኳኳቱ ግን እዚያው!

ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ጌጁ የሚለካው ከክራንኩ በፊት ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ክራንኩ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ የሚያጠራቅም ቱቦ አለ፤ ሲሽከረከር ከዘይቱ የከበደውን ሁሉ ወደ ቱቦው ግድግዳ ይወረውረዋል፣ ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣው ያለ ወረቀት ማጣሪያ፣ በወንፊት ብቻ ስለሆነም ደቃቁ ሁሉ እዚያ ይቀራል። ቱቦው ሲደፈን ቢዬላው ይደርቃል፣ ጌጁ ግን አይወርድም። እንዲያውም መውጫ ያጣው ዘይት ቁጥሩን ያሳምረዋል።

ሞተሩ ወረደ፣ አሁን በምክንያት። ከፍላይዊሉ (ክራንኩ ላይ ካለው ከባድ ጎማ) ብሎኖች አንዱ ቱቦውን አልፎ ስለሚይዘው መጀመሪያ እሱ ይፈታል፤ ዝም ብሎ መጎተት ቱቦውን መቅደድ ነው። ውስጡ በካቻቢቴ የሚፋቅ ጥቁር ጭቃ ሞልቶታል። የግራው ኩሽኔታ ሽፋኑ አልቆ መዳቡ ይታያል። ክራንኩን በማይክሮሜትር ስለካው ሞላላ ሆኗል፣ ስለዚህ ቶርኖ ቤት ሄዶ በ0.010 ኢንች ተላጨ፣ ኩሽኔታውም በዚያው ልክ ተገዛ።

ገጥሜ ስጨርስ ካንዴላዎቹን አውጥቼ ጌጁ እስኪነሳ ድረስ ማስነሻውን በእግሬ ረገጥኩት። ቤንዚን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። የወረቀት ማጣሪያም ጨመርኩ፣ በመመለሻው መስመር ላይ። በላኪው ላይ የሚያስገቡ አሉ፣ እኔ አልስማማም፤ ዘይቱ ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ እዚያ ማጣሪያ መደንቀር ፓምፑን ማስራብ ነው። ዘይቱን ደግሞ ማኑዋሉ እንደሚለው በየ1,500 ማይሉ እቀይራለሁ።