ሦስተኛ ሰው ጠፋ

ለማስተርስ ማመልከት ስጀምር የፈራሁት የእንግሊዝኛ ፈተናውን ነበር። ቀጥሎ የማመልከቻ ክፍያውን። ሪኮመንዴሽን የሚሉትን ነገር፣ የሚያውቅሽ መምህር ወይም አለቃ ስለ አንቺ የሚጽፈውን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት። አምስት ዓመት ከተማርኩበት ግቢ ሦስት ሰው አጣለሁ እንዴ?

አጣሁ።

አሜሪካ ያሉት አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ደብዳቤ ይፈልጋሉ። የአውሮፓዎቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ይበቃቸዋል፣ ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕም ሁለት ነው። እኔ ያመለከትኩት አሜሪካ ነው፣ አምስት ቦታ። አምስት ሲባዛ በሦስት አስራ አምስት። ይሄን ስሌት መጀመሪያ ላይ አልሠራሁትም።

ደግሞ ደብዳቤው እንደ አገራችን ማህተም ተመትቶበት፣ በፖስታ ታሽጎ በእጅ የሚሰጥ አይደለም። የመምህሩን ስምና ኢሜይል ትሞላላችሁ፣ ሲስተሙ ራሱ ለመምህሩ ሊንክ ይልካል፣ እሱም ገብቶ ይጭናል። እናንተ አታዩትም። ፎርሙ ላይ «ደብዳቤውን የማየት መብትሽን ትተያለሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። መብቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው «ተይው» ብሎ ይመክራል፣ ምክንያቱም ተማሪው የሚያነበውን ደብዳቤ ማን ያምናል? እኔም ተውኩት።

የመጀመሪያው ሰው አላስቸገረኝም። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ አማካሪ ነው። አሁን እሱ ራሱ ውጭ ፒኤችዲ እየሠራ ነው፣ በቴሌግራም ጻፍኩለት፣ በማግስቱ «እሺ፣ ቀኖቹን ላኪልኝ» አለኝ። መከራውን ያየ ሰው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ከመሥሪያ ቤት መሆን ነበረበት። እኔ ሞኟ የሰው ኃይል ክፍል ሄድኩ። የሰጡኝ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ለሚመለከተው ሁሉ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሳይት መሐንዲስነት፣ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈላት ስትሠራ የቆየች ሲሆን፣ ከደመወዟም ተገቢው የሥራ ግብር ተቆርጦ ለመንግሥት ገቢ ተደርጓል። ከታች ክብ ማህተም። ግብር መክፈሌን በማወቃቸው ደስ ይለኛል፣ ግን የአሜሪካ ፕሮፌሰር በዚህ ምን ያደርግበታል?

የሥራ ልምድና ሪኮመንዴሽን አንድ አይደሉም። ይሄ ሲገባኝ ወደ ፕሮጀክት ማናጀራችን ሄድኩ። «እኔ እኮ ዲግሪ ብቻ ነው ያለኝ፣ ትልቅ ሰው ፈልጊ» አለኝ። እኔ ግን የምፈልገው የሚያውቀኝን ሰው ነበር። አንድ ቀን ኮንክሪት የጫነ መኪና መጥቶ ስላምፑን፣ ማለትም የኮንክሪቱን መቅጠን፣ ስለካ ውሃ በዝቶበታል፤ ሹፌሩ እየተሳደበ፣ ፎርማኑ «ኧረ ልቀቂው» እያለኝ መለስኩት። ማናጀሩ ያኔ አጠገቤ ነበር። በኋላ ስልክ ደውሎ «የመኪናዋን ነገር ጽፌዋለሁ» ብሎኛል። ሌላውን አላውቅም።

ጉዱ ያለው ሦስተኛው ጋ ነው።

ኤ ያገኘሁበት የሃይድሮሎጂ ኮርስ ነበር፣ መምህሩ ዶክተር ናቸው፣ ትልቅ ስም አላቸው። ክፍላችን ግን ከሰማንያ በላይ ተማሪ ነበረበት፣ እኔ ደግሞ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ቢሯቸው ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አገኘኋቸው። «ስምሽ ማን ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «በጣም ጥሩ፣ ጽፈሽ አምጪና እፈርምልሻለሁ።»

ይሄን የማያውቅ የለም፣ ልማዳችን ነው። እሳቸውንም አልወቅስም፤ ስንት ተማሪ ነው በየዓመቱ በር የሚያንኳኳው? ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ራሴን ሳሞግስ አመሸሁ፦ ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ መልካም ጠባይ ያላት። ሳነበው የቀበሌ የመልካም ጠባይ ማስረጃ መሰለኝ። ላመልክትበት የነበረው አንዱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ደብዳቤውን አመልካቹ ራሱ መጻፍ እንደማይችል በግልጽ አስቀምጧል። በዚያ ላይ ከስር ያለው ስም የእኔ አይደለም። ዘጋሁት።

እዚህ ላይ ነው የሃይድሮሊክስ ላብ የምታሠራን መምህርት ትዝ ያለችኝ። ሁለተኛ ዲግሪ ነው ያላት። ጓደኞቼ «ዲኑ እያሉ እሷን?» አሉኝ። ዲኑ ግን እኔን ከማን ለይተው ያውቁኛል? እሷ ጋ ያለው የውሃ መፈተሻ ቦይ፣ እኛ ፍሉም የምንለው፣ ሁሌ ያፈሳል። አንድ ቅዳሜ ሁለታችን ሲሊከን ይዘን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ከሥሩ ተኝተን ስንጠግነው ውለናል። ያን ቀን ያወራነውን ያህል ከማንም መምህር ጋር አላወራሁም።

ስጠይቃት «ቲቸር፣ ጥሩ ነገር መጻፍ ይከብደኛል የምትዪ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም» አልኳት። ይሄን ጥያቄ እናንተም ጠይቁ፤ በግማሽ ልብ ከሚጽፍ ሰው ጨርሶ የማይጽፍ ይሻላል። ትራንስክሪፕቴን፣ ለምን መማር እንደምፈልግ የጻፍኩትን ስቴትመንት፣ የአምስቱን ዩኒቨርሲቲዎች ቀን በአንድ ወረቀት ላይ፣ ከእሷ ጋር የሠራሁትን በአራት መስመር አድርጌ ሰጠኋት። ደብዳቤውን ሳይሆን ማስታወሻውን ማለቴ ነው።

አለቀ ስል አንዱ ሲስተም የጂሜይል አድራሻ አልቀበልም አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ይሁን አለ። እሷ አላት፣ ግን ከተሰጣት ጀምሮ ከፍታው አታውቅም። አይሲቲ ቢሮ አብረን ሄድን። ልጁ «ሲስተም የለም፣ ከምሳ በኋላ ኑ» አለን። ከምሳ በኋላ ስንሄድ ልጁ የለም። ፓስዋርዱ የተቀየረላት በማግስቱ ነው፤ ሊንኩን ደግሞ ስፓም ውስጥ አገኘነው።

የዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 15 ነበር፣ በኒውዮርክ ሰዓት ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀር፣ እነሱ 11:59 የሚሉት። በእኛ በማግስቱ ጠዋት፣ ለሁለት ሰዓት አንድ ደቂቃ ጉዳይ መሆኑ ነው። አንዳንዶቹ ደብዳቤ ጥቂት ቀን ቢዘገይም ይታገሳሉ፣ ያኛው ግን ይታገስ አይታገስ ልፈትነው አልፈለግኩም። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ የእሷ ሰፈር መብራት ጠፍቷል። እኔ አልተኛሁም፣ በየአስር ደቂቃው ገጹን እከፍታለሁ፣ ሁለቱ ስሞች ጎን «ደርሷል» ይላል፣ የእሷ ጎን ባዶ ነው። መደወል አፈርኩ። አንድ ሰዓት ሲሆን ራሷ ደወለች፣ የላፕቶፑ ባትሪ ስላለቀ ከስልኳ ነው የጫነችው።

«ልኬዋለሁ» አለችኝ። «በነገራችን ላይ ያቺ የጠገንናት ቦታ እንደገና ማፍሰስ ጀምራለች።»