ከፊት ኮርቻ ላይ የቀጠለ ሁለተኛ ዘመን

በመም ላይ በሚካሄደው የትራክ ብስክሌት ውድድር ተወዳዳሪ ስለነበረው ስኮትላንዳዊ ክሬግ ማክሊን ስጽፍ ይበልጥ የሚማርከኝ የሜዳሊያዎቹ ብዛት ሳይሆን የሙያው አቅጣጫ የተቀየረበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ከክሪስ ሆይና ከጄሰን ክዊሊ ጋር በቡድን ስፕሪንት (አጭር የፍጥነት ውድድር) ብር ያገኘው ማክሊን፣ በ2002 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ኋላ ላይ ግን ማየት ለተሳናቸው ብስክሌተኞች የታንደም፣ ማለትም ሁለት ሰዎች ፊትና ኋላ ተቀምጠው የሚነዱት ብስክሌት፣ የፊት መሪ ሆነ። በታንደም የሁለቱም ሰዎች ፔዳል በካቴና የተያያዘ ስለሆነ እግሮቻቸው እኩል ይዞራሉ፤ የትራክ ብስክሌት ፍሬን ስለሌለውም፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው መታጠፊያውን ሳያይ ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣው ከፊት ያለውን አምኖ ነው። በእኔ እምነት ይህ ብቻውን ከመንዳት የሚከብድ ኃላፊነት ነው።

በለንደን 2012 ፓራሊምፒክ ማክሊንና ማየት የተሳነው አጋሩ አንቶኒ ካፕስ በ1 ኪሎ ሜትር ውድድር ብስክሌቱ ገና ከመነሻው ስለከዳቸው መጨረስ አልቻሉም። በስፕሪንቱ ፍጻሜ ግን ማየት የተሳነውን ኒል ፋቺንና መሪውን ባርኒ ስቶሪን አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። ስቶሪ ደግሞ በ2008 ቤጂንግ ላይ ካፕስን ለድል ያበቃው የቀድሞ መሪው ነበር! በ2014 በግላስጎው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ ማክሊን ያኔ ያሸነፈውን ፋቺን ከኋላው አስቀምጦ ስፕሪንቱንም 1 ኪሎ ሜትሩንም በወርቅ አጠናቀቀ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ40 አልፎ ነበር።